በጥገና ስም የሚጠፉ ፒኖች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ከአዳማ

ስለ ቤት ስርቆት በጋዜጣችሁ ላይ የሚወጡትን ጽሑፎች ዘወትር እከታተላለሁ። አብዛኞቹ ስለ አጥር፣ ስለ ጥበቃ ሠራተኛና ስለ ካሜራ የሚናገሩ ናቸው፤ ቁልፍ ስለሚገባበት የመቆለፊያ ክፍል ስለ በሩ ሲሊንደር፣ በተለይም ስለ ውስጡ የሚጽፍ ግን አላጋጠመኝም። በአዳማ ከተማ በቁልፍ ቀረጻና በመቆለፊያ ጥገና የምተዳደር ሰው እንደ መሆኔ መጠን፣ በሙያችን ውስጥ ማንም ሳያስተውለው ስለሚፈጸም አንድ ጉዳት ለአንባቢዎቻችሁ ማስረዳት እወዳለሁ። በፋብሪካ ታስቦበት የተለየ ቅርፅ የተሰጣቸው ፒኖች፣ ማለትም በሲሊንደሩ ውስጥ ያሉ ትናንሽ ዘንጎች፣ ጠጋኙ ስለማያውቃቸው ብቻ ከመቆለፊያው ወጥተው በተራ ፒን ይተካሉ። ባለቤቱም ገንዘብ የከፈለበት ጥበቃ እንደ ተወሰደበት ሳያውቅ፣ በሩን እንደ ወትሮው ቆልፎ ይተኛል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን መቆለፊያው እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልግለጽ። በፒን የሚሠራ የእንጨት መቆለፊያ በጥንታዊት ግብፅ ይታወቅ ነበር፤ ዛሬ በየበራችን ላይ ያለው ዓይነት ግን ሊነስ ዬል የሚል አንድ ስም የነበራቸው የሁለት አሜሪካውያን፣ የአባትና የልጅ፣ የሥራ ውጤት ነው። አባትየው እ.ኤ.አ. በ1848 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ልጁ ደግሞ በ1860ዎቹ ጠፍጣፋውን ትንሽ ቁልፍ ጨምሮ አሁን በምናውቀው መልክ አበጀው። በሲሊንደሩ ውስጥ ከቁልፉ ጋር የሚዞር እምብርት አለ። በእምብርቱና እርሱን በከበበው የሲሊንደሩ ውጭኛ ክፍል ላይ ፊት ለፊት የሚገናኙ ጉድጓዶች ተበስተዋል፤ በተለመደው የበር ሲሊንደር አምስት ወይም ስድስት፣ በርካሽ ጓጉንቸር ደግሞ ሦስት ወይም አራት ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ፒንና አንድ ሞላ አለ። ቁልፉን የሚነካውን የቁልፍ ፒን፣ ሞላው የሚገፋውን ደግሞ የሞላ ፒን እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ባልደረቦቼ የታችኛውና የላይኛው ማለት ይቀናቸዋል፣ ሆኖም በከተማችን በብዛት በሚገጠመው የአውሮፓ ዓይነት ሲሊንደር ሞላዎቹ ከታች ስለሚውሉ እንደዚያ ማለቱ ሰው ያደናግራል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ የሁለቱ ፒኖች መገናኛ በሁሉም ጉድጓድ ከእምብርቱ ጠርዝ ጋር እኩል ይሆንና እምብርቱ ይዞራል። አንዱ እንኳ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ አይዞርም።

አሠራሩ እንዲህ ሲነገር እንከን የለሽ ይመስላል። ነገር ግን የትኛውም ፋብሪካ ጉድጓዶቹን ፍጹም ቀጥ ባለ መስመር ሊበሳቸው አይችልም፤ በዓይን የማይለይ መዛነፍ ሁልጊዜ ይኖራል። በመሆኑም ያለ ቁልፍ እምብርቱን በቀስታ ለማዞር ሲሞከር ፒኖቹ ሁሉ እኩል አይያዙም፤ አንደኛው ቀድሞ ይጠብቃል፣ እርሱ ቦታውን ሲያገኝ ሌላው ይጠብቃል። በቀጭን ብረት መቆለፊያ የሚከፍት ሰው የሚተማመነው በዚሁ መዛነፍ ነው፤ አምስቱን ፒኖች በአንድ ጊዜ ማሸነፍ ሳያስፈልገው አንድ በአንድ ያስተካክላቸዋል። ልዩ ቅርፅ ያላቸው ፒኖች የተፈጠሩት ይህን መንገድ አስቸጋሪ ለማድረግ ነው።

ከእነዚህ መካከል በብዛት የሚገኘው ሁለት ጫፎቹ ሙሉ ውፍረት ኖሯቸው ወገቡ የቀጠነው፣ የክር ማጠንጠኛ የሚመስለው የሞላ ፒን ነው። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ከተራ ፒን ምንም ልዩነት የለውም። ያለ ቁልፍ ሲነካካ ግን እምብርቱ ጥቂት ዲግሪ ይዞርና የፒኑ ከንፈር ጠርዙ ላይ ተነክሶ ይቆማል፤ ለሚሞክረው ሰው የተከፈተ ያስመስልበታል። ከዚያ ለመውጣት እምብርቱ ወደ ኋላ እንዲመለስ መፍቀድ ግድ ነው፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ ቀደም ብለው የተስተካከሉት ፒኖች ሊወድቁ ይችላሉ። ሁለተኛው ዓይነት አንድ ጫፉ ሰፍቶ ወደ ሌላው እያነሰ የሚሄድ ነው፤ ተግባሩ ከመጀመሪያው ጋር ይቀራረባል። ሦስተኛው ዙሪያውን በርካታ ቀጫጭን ቦዮች የተቆረጡበት ጥርሳም ፒን ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቦይ ጠርዙ ላይ ሲነከስ ፒኑ ትክክለኛ ቦታውን ያገኘ ያስመስላል። አሜሪካን ሎክ በተባለው ጓጉንቸር ውስጥ የሞላ ፒኖቹ ብቻ ሳይሆኑ የቁልፍ ፒኖቹ ጭምር ጥርሳም ሆነው ይገኛሉ። ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ ሁሉንም ጉድጓድ በልዩ ፒን አይሞሉም፤ ከተራዎቹ ጋር ያሰባጥሯቸዋል። ጠጋኙን የሚያሳስተውም ይህ ነው፤ መጀመሪያ ያወጣው ፒን ተራ ከሆነ የቀሩትንም ተራ ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል።

ከዚህ የራቁ ቅርፆችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ቨርጂኒያ የተመሠረተው የሜዴኮ ኩባንያ መቆለፊያ የቁልፍ ፒኖቹ ጫፍ እንደ ተራው ሾጣጣ ሳይሆን በመሮ ቅርፅ የተስተካከለ ነው፤ የቁልፉ ጥርስም በሰያፍ ስለሚቆረጥ ፒኖቹን ከፍ ከማድረጉ በላይ ያዞራቸዋል። የእስራኤሉ ሙልቲሎክ ደግሞ በአንዱ ፒን ውስጥ ሌላ ትንሽ ፒን ይከታል። ስለ እነዚህ ብዙ የምጨነቅ አይደለሁም፤ ባለማወቅ የነካቸው ሰው መቆለፊያውን መልሶ መግጠም ስለሚያቅተው ጥፋቱ ወዲያው ይታወቃልና። የሚያሳስበኝ ወገበ ቀጭኑና ጥርሳሙ ፒን ነው፤ እነርሱ በተራ ፒን ቢተኩ ቁልፉ በደንብ ይገባል፣ በደንብ ይዞራል፣ እንዲያውም ከቀድሞው የላላና የተመቸ ሊመስል ይችላል። ደንበኛው አመስግኖ ይሄዳል።

የሞላ ፒን ቅርፅ በቁልፉ መግቢያ በባትሪ ቢያዩት አይታይም፤ ከውጭ የሚታየው የቁልፍ ፒኖቹ ጫፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ነገር ከፋብሪካው በኋላ የማየት ዕድል ያለው ጠጋኙ ብቻ ነው፤ እርሱም ሲሊንደሩ ጠረጴዛው ላይ በተፈታበት በዚያች አጭር ጊዜ። የእኛ ዕውቀት ማነስ በቀጥታ የደንበኛው ጉዳት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ያለውን አሠራር ባልደረቦቼን ሳላስቀይም መግለጽ ይከብዳል። ተከራይ ሲቀየር ወይም ቁልፍ ሲጠፋ ሲሊንደሩ ተነቅሎ ወደ እኛ ይመጣል። ጠጋኙ እምብርቱን በካቻቢቴ ገፍቶ ያወጣዋል፤ ሞላና ፒኑ ጠረጴዛው ላይ ይበተናል፣ ከፊሉም መሬት ይወድቃል። የጎደለውን ከአሮጌ መቆለፊያዎች ከተጠራቀመ ጣሳ ውስጥ እየመረጠ ይተካል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሊማ መጠቀም ነው፦ አዲሱ ቁልፍ እምብርቱ ውስጥ እንዳለ፣ ከጠርዙ በላይ የወጣው የቁልፍ ፒን ከእምብርቱ ጋር እኩል እስኪሆን ይሞረዳል። የፒኑ ጫፍ ይዛባል፣ የእምብርቱም ገጽ ይፋቃል፤ የተፋቀው ክፍተት ለሌላ ቁልፍም መንገድ ይከፍታል። አልስማማ ያለውን ፒን ጨርሶ አውጥቶ የሚተውም አለ። ስድስት የቁመት ደረጃ ያላቸው አምስት ፒኖች በስሌት ደረጃ 7,776 የተለያዩ ቁልፎችን ይሰጣሉ፤ ሁለቱ ሲወጡ የሚቀረው 216 ነው። በተግባር ከዚህም ያንሳል፤ አንዳንድ የጥርስ አቆራረጥ አብሮ አይሄድምና።

ፒኖችን መለየት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ውፍረቱ ከእምብርቱ ጋር እኩል የሆነ ዘንግ ነው፤ ቶርኖ ቤት በናስ ያወጡታል፣ የተስተካከለ ደረቅ እንጨትም ይበቃል። ትክክለኛው ቁልፍ ካለ እርሱን አስገብቶና ትንሽ አዙሮ፣ ዘንጉን ከኋላ አስከትሎ እምብርቱን ወደ ፊት በመግፋት ማውጣት ይቻላል። የሞላ ፒኖቹ ዘንጉ ላይ አርፈው በቦታቸው ስለሚቆዩ አንድ በአንድ፣ በተራቸው ሊወጡ ይችላሉ። የወጣው ፒን የየትኛው ጉድጓድ እንደ ሆነ እንዲታወቅ በተከፋፈለ ሳህን ላይ በቅደም ተከተል ይቀመጣል።

ከዚያ መታጠብ አለባቸው፤ አዳማ ላይ ይህ በዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። በከተማችን ዙሪያ በመጀመሪያው ምዕራፍ 51፣ በሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉትን የነፋስ ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ፣ አቧራውን ወደየበራችን ቁልፍ መግቢያም ያስገባል። በዚያ ላይ ሰዎች መቆለፊያው ሲጠነክርባቸው የሞተር ዘይት ያፈሱበታል፤ ዘይቱ ከአቧራው ጋር ተቦክቶ ቦዮቹን ይሞላል። ያልታጠበ ጥርሳም ፒን ለዓይን ተራ ፒን ነው። (ለመቆለፊያ ዘይት ከማፍሰስ ግራፋይት የሚባለውን የመጻፊያ እርሳስ ውስጥ ጥቁር ዱቄት መንፋት ይሻላል፤ ይህን ስንቴ ብናገርም ሰሚ አላገኘሁም።)

የታጠበውን ፒን መስታወት ላይ አጋድሞ ከጀርባው መብራት ማብራት በቂ ነው። ወገበ ቀጭኑ በመካከሉ ብርሃን ያሳልፋል፤ አንድ ጫፉ የሰፋው ሲንከባለል ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ወደ ቀጭኑ ጫፍ ያጠማዝዛል፤ ጥርሳሙን በመርፌ ጫፍ ሲዳስሱት ይይዛል። ልዩነቱ በጣም ትንሽ የሆነውንና ለዓይን የሚያሳስተውን በካሊፐር ጫፉንና መካከሉን መለካት ይለየዋል። ሁለት ነገሮችን ማምታታት ግን አይገባም። ብዙ ተራ የሞላ ፒኖች ጫፋቸው በጥቂቱ የተድበለበለ ነው፤ ይህ ልዩ ፒን አያሰኛቸውም። በአገልግሎት ብዛት የመጣ ጭረትም ቦይ አይደለም፤ በማሽን የተቆረጠ ቦይ ዙሪያውን እኩል ጥልቀት ሲኖረው፣ በአገልግሎት የመጣው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ያመዝናል። ማግኔት የሚስበው ፒን ደግሞ ናስ ሳይሆን ብረት ስለሆነ፣ ቅርፁ ተራ ቢሆንም ትራፓኖን ለመቋቋም ታስቦ የገባ ሊሆን ይችላል፤ እርሱንም በናስ መተካት ስህተት ነው።

ቁመትም መታየት አለበት። አንዳንድ አምራቾች ረጅም የቁልፍ ፒን ባለበት ጉድጓድ አጭር የሞላ ፒን፣ አጭር ባለበት ደግሞ ረጅም ይከታሉ፤ ድምሩ ተቀራራቢ እንዲሆን ነው። ይህ ሲዛባ ወይ ሞላው ከመጠን በላይ ተጨምቆ ቁልፉ አልገባም ይላል፣ ወይም ድምሩ አጥሮ ሁለቱም ፒኖች አንድ ላይ ከእምብርቱ ውጭ ሊገፉ ይችላሉ። ጉድጓዱ ራሱም መታየት አለበት፤ አንዳንዱ ውስጡ እርከን ወይም ጥርስ ተቆርጦበታል፣ ያም ከልዩ ፒኑ ጋር እንዲሠራ የታሰበ ስለሆነ ተራ ፒን ሲገባበት ከንቱ ይቀራል።

አዳማ የስብሰባ ከተማ እንደ መሆኗ ስለ ሆቴሎቻችንም አንድ ነገር መናገር ይኖርብኛል። በአንድ ዋና ቁልፍ ሁሉም ክፍሎች በሚከፈቱበት አሠራር፣ በቁልፍ ፒኑና በሞላ ፒኑ መካከል ስስ ክብ ቁራጭ ይገባል። ይህ ቁራጭ ሲታይ የተሰበረ ፒን ይመስላል፤ ጠጋኙ ቢጥለው ዋናው ቁልፍ ያንን ክፍል መክፈት ያቆማል፣ በዚህም ስህተቱ ይታወቃል። አሳሳቢው ተቃራኒው ነው። አምስቱም ጉድጓዶች እንዲህ ያለ አንዳንድ ቁራጭ ካላቸው ያንን በር ሊያዞሩ የሚችሉት የቁልፍ ዓይነቶች 32 ይሆናሉ፤ ሲሊንደሩ ከሆቴሉ ወጥቶ ለመኖሪያ ቤት ሲሸጥ ቁራጮቹ ካልወጡለት፣ ገዢው ይህን ሁሉ አብሮ ይገዛል። ማት ብሌዝ የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ የአንድ ክፍል ቁልፍ በእጁ ያለና በሩን ሊሞክር የሚችል ሰው የሕንፃውን ዋና ቁልፍ ሊደርስበት እንደሚችል አሳይተዋል። የሆቴል ባለቤቶች ይህን ሊያውቁት ይገባል።

እንዲህ ያለ ነገር በጋዜጣ መጻፍ ሌባን ማስተማር አይሆንም ወይ የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጥያቄው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደኑ ታላቅ ዐውደ ርዕይ ጊዜ አሜሪካዊው አልፍሬድ ሆብስ በእንግሊዝ አገር አይከፈቱም ይባሉ የነበሩትን የቸብንና የብራማን መቆለፊያዎች ሲከፍት ያው ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ የብራማው መቆለፊያ ለከፈተው ሰው 200 ጊኒ (የቀድሞ የእንግሊዝ ገንዘብ) እንደሚሰጥ ተነግሮለት ለአሥርት ዓመታት ተቀማጭ ሆኖ የቆየ ነበር። ሁለቱም በፒን የሚሠሩ አልነበሩም፤ ነገር ግን ድክመታቸው በአደባባይ መታወቁ አምራቾች መቆለፊያቸውን እንዲያሻሽሉ አስገደዳቸው። እኔ ደግሞ እዚህ የጻፍኩት ስለ መክፈት ሳይሆን የተፈታን መቆለፊያ እንደ ነበረ ስለ መመለስ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ የበለጠ ክብደት አለው። ሌባ በርን በመፈልቀቂያ ይገነጥላል ወይም ሲሊንደሩን በፒንሳ ይሰብራል እንጂ ተቀምጦ ፒን አይነካካም የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ወገበ ቀጭን ፒን መሰበርን አይከላከልም። የአውሮፓው ሲሊንደር ብሎን በሚያልፍበት ቀዳዳ በኩል ስስ ስለሆነ፣ ከበሩ ገጽ ወጥቶ ከተገጠመ ምንም ዓይነት ፒን ቢኖረው አያድነውም። ሆኖም የተሰበረ በር ስርቆቱን በግልጽ ያሳያል። ሳይሰበር ተከፍቶ ዕቃ ሲጠፋ ግን መጀመሪያ ጣት የሚቀሰረው በቤት ሠራተኛዋ፣ ቀጥሎ ቁልፍ በያዘው ዘመድ ወይም በቀድሞው ተከራይ ላይ ነው። ቤተሰቡ «በሩ ደህና ነው፤ መቆለፊያውም ውድ ነው፤ ስለዚህ ቁልፍ ያለው ሰው ነው» ብሎ ይደመድማል። መቆለፊያው በጥገና ላይ ሳለ ሁለት ፒን እንደ ጎደለበት ወይም ልዩ ፒኖቹ እንደ ተለወጡበት የሚያስብ የለም። አንዲት ልጅ ባልሠራችው ሥራ ከቤት ስትባረር ጠጋኙ ከኃላፊነት ነፃ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ስለዚህ ከየአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የምጠብቀው ነገር አለ። ቁልፍ ቀረጻ በመንገድ ዳር ከአንዱ ወደ ሌላው በማየት የሚተላለፍ ሥራ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ ፒኖችን መለየትን፣ በመጠን የተለዩ ፒኖችን መጠቀምንና ሊማን መተውን የሚያካትት አጭር ሥልጠና ቢሰጥ ከእኛ ብዙዎች እንመዘገባለን። ከአስመጪዎችና ከሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ደግሞ የምጠብቀው የሚሸጡትን እንዲያውቁት ነው። ለአውሮፓ ገበያ የሚመረቱ ሲሊንደሮች ኢ.ኤን. 1303 በተባለው ደረጃ መሠረት ስምንት መለያዎች ያሉት ኮድ ይሰጣቸዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት መለያዎች የቁልፉን አስተማማኝነትና መቆለፊያው ጥቃትን የሚቋቋምበትን ደረጃ ያሳያሉ። ሻጩ ይህን ማንበብ ከቻለ ዋጋው ለምን እንደ ጨመረ ለገዢው ማስረዳት ይችላል፤ ካልቻለ ግን ገዢው የሚከፍለው ለማሸጊያው ማማር ነው።

የተጠገነ ሲሊንደር የተቀበለ ሰው በራሱ ሊያያቸው የሚችሉ ምልክቶችም አሉ። ቁልፉ እስከ መጨረሻው ሳይገባ የሚዞር ከሆነ፣ በመዞር ላይ ሳለ ሊወጣ የሚችል ከሆነ፣ ወይም የጎረቤት ተመሳሳይ ቁልፍ ሲሞከርበት የሚያዞረው ከሆነ፣ ፒን ጎድሏል ወይም ተሞርዷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ከመጠገኑ በፊት ደግሞ ስንት ፒን እንዳለውና ከመካከላቸው የተለየ ቅርፅ ያለው መኖሩን ጠጋኙ ፈትቶ እንዲያሳያችሁ፣ የሚለወጥ ፒን ካለም አሮጌው በወረቀት ተጠቅልሎ እንዲመለስላችሁ ጠይቁ። ይህ ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ መነገር አለበት፤ ከተጠናቀቀ በኋላ ቢጠየቅ አሮጌው ፒን ከጣሳው ውስጥ ካሉት ጋር ስለሚቀላቀል፣ የየትኛው በር እንደ ነበረ ጠጋኙ ራሱ ለይቶ ሊያወጣው አይችልም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ቁልፍ ቀራጭና የመቆለፊያ ጠጋኝ
አዳማ